ከበባው ሲላላ የላላ መሐላ

በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 34 የተጻፈውን ብዙዎቻችን በስብከት ሰምተን አልፈነዋል። ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን በከበበ ጊዜ ንጉሥ ሴዴቅያስ፣ መኳንንቱና ሕዝቡ ዕብራውያን ባሮቻቸውን አርነት ሊያወጡ በቤተ መቅደስ ማሉ፤ ጥጃ ለሁለት ሰንጥቀው በመካከሉ አለፉ፤ ለቀቁም። የግብጽ ጦር መጣ ተብሎ ከበባው ሲላላ ግን የለቀቁትን መልሰው ባሪያ አደረጉ። በሰባተኛው ዓመት ልቀቁ የሚለው ሕግ ከሙሴ ጀምሮ ቆሞ ነበር። እነርሱ የታዘዙት ለፍርሃታቸው እንጂ ለሕጉ አልነበረም። ፍርሃቱ ሲሄድ መታዘዙም ሄደ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ነውን? አገራችን በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት የባርነት ዐዋጅ ወጣ። የዐዋጁ ዓይን ወደ ጄኔቭ ያይ ነበር፤ ነጻነቱንም ቀስ በቀስ እንጂ ባንድ ጊዜ አልሰጠም። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦ በነበረበት ዘመን እንኳ ከአገው ምድር በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ የጉሙዝ ልጆች መፈንገላቸው አልቀረም። ፈንጋዩም ገዢውም ከእኛው አያቶች መካከል ነበሩ፤ ይህን አንሸሽግም። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው ቃል እስከዚያ 18 ዓመት! በመካከሉ በ1928 ዓ.ም. መርዝ በአውሮፕላን የሚረጨው ፋሽስት ባሪያ ነጻ አወጣለሁ እያለ በዓለም ፊት ተመጻደቀ። ወረራው በምንም አይጸድቅም፤ ሰበቡን ግን ያቀበልነው እኛው ነን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ያለፈን ነገር ምን ይቆሰቁሳል?» ይሉናል። አልፏልን? በመኝታ ቤታችን ሰውን በመልኩ ባሪያ ብሎ የሚጠራ ተማሪ፣ ለጋብቻ አጥንት የሚያስቆጥር የተማረ ሰው፣ ከሴዴቅያስ መኳንንት በምን ይሻላል? ዐዋጅ የፈታውን ሰው አፋችን መልሶ ያስረዋል።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ይህን ታሪክ፣ የእኛንም ድርሻ ጨምረው፣ በእንጅባራና በዳንግላ ተማሪ ቤቶች ሳይፈሩ እንዲያስተምሩ እንጠይቃለን። ማኅበራችንም ያን ስድብ እንደ ቀልድ ማለፉን ትቶ እንደ ጥፋት ይቁጠረው። ተቈጪ ሲኖር ብቻ የምንጠብቀው መሐላ መሐላ አይደለም።