«ወተት በጉንጬ»ን ማን ያስታውሰው?

ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ። ስሙን ያወጣለት ገበሬው ነው እንጂ ሳይንቲስት አይደለም። ስሙ ራሱ እኮ ግጥም ነው!

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 ተመራማሪዎች የወሎን ማሽላዎች መርምረው ላይሲን የሚባለው ሰውነት ገንቢ ንጥረ ነገር ከተራው ማሽላ በጣም በልጦ የሚገኝባቸው እንዳሉ አስታወቁ። ወተት በጉንጬ ከእነዚህ አንዱ ነው። ታዲያ ፍሬው ጭምድድ ያለ፣ ምርቱም ያነሰ ነው። በኩንታል ብቻ የሚቆጥር ሰው ድሮ ይጥለው ነበር። ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ ጋር እየቀላቀለ ዘራው፤ እሸቱን ጠብሶ በላው። ዘሩን ያቆየው ጣዕሙና ስሙ ነው ብል አላጋነንኩም።

በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ዘር ማሰባሰቢያ ማዕከል ተቋቁሟል። መልካም ነው። ነገር ግን በብርድ ቤት የተኛ ዘር ከድርቅና ከተባይ ጋር እየታገለ አይለመድም። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ብዙ ደክመዋል፤ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል።

አንዳንድ ወጣት «የድሮ ዘር» እያለ ይስቃል። ምን ያስቃል? ስሙ ሲረሳ ዘሩም ከጎታ ይጠፋል። ስለዚህ በማታው ትምህርት ጥቁር ሰሌዳው ላይ «በግ፣ በቅሎ» ብቻ አንጻፍ። የየቀበሌውን የዘር ስም፣ የአጨዳውንና የውቂያውን ዘፈን እንጻፍ። ዘር መራጮቹ እናቶች ይናገሩ፤ እኛ እንጽፋለን። የእርሻ ባለሙያውም ደብተሩን ይዞ አብሮን ይቀመጥ።