የሾርባው ፕሮቲን ስንት ግራም ነው?

ሱቅ ገብቶ የሾርባ ፓኬት የሚያነሳ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ፊት ለፊት በታተመው የዶሮ ሥዕል ላይ ነው። እኔ የምለምነው ፓኬቱን እንዲገለብጠው ነው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ከተጻፉት ቁጥሮች ሁለቱን ይፈልግ፤ የፕሮቲኑንና የሶዲየሙን። በፈላ ውሃ የሚበጠበጠው የተለመደው ሾርባ በአንድ ኩባያ የሚሰጠው ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ግራም ነው። አንድ እንቁላል ብቻውን 6 ግራም ገደማ ይዟል። እኛ ግን ከሆስፒታል የወጣ ሰው ወይም የደከመ አዛውንት እህል አልወርድ ሲለው የምንሮጠው ወደዚያው ፓኬት ነው። ኩባያው ባዶ ሆኖ ሲመለስም «ተመስገን፣ ዛሬስ ቀምሷል» ብለን እንጽናናለን።

ይህን የምጽፈው ዕድሜዬን ኬሚስትሪ በማስተማር ያሳለፍኩ፣ አሁን ደግሞ እናቴን የማስታምም ሴት ሆኜ ነው። እናቴ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ከተሰበረና ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ሰውነቷ እጅግ ከሳ። ሐኪሙ «እማማ፣ ከመድኃኒቱ እኩል ምግብዎ ላይ ይበርቱ፤ ፕሮቲን ያስፈልግዎታል» አላት። ምን ያህል እንደሆነ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ለጤነኛ ጎልማሳ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ይበቃል ይባላል። ዕድሜያቸው ለገፋ ግን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፤ ሰውነት ሲያረጅ ከሚበላው ፕሮቲን ጡንቻ የመሥራት አቅሙ ይቀንሳልና። እናቴ 50 ኪሎ ናት፤ ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ትፈልጋለች። ጥርሷ አልቆ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ «በቃኝ» ለምትል ሴት ይህ ቀላል አይደለም። ሾርባዎችን እያገላበጥኩ ማነጻጸር የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሱቁን ሾርባ ቶሎ ልለፈው። የምግብ ግብዓቶች በፓኬት ላይ የሚዘረዘሩት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በስታርችና በጨው ነው፤ ዶሮው የሚመጣው ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ከማጣፈጫዎቹ ጎን ነው። ሶዲየሙን በ2.5 ብናባዛው የጨውን መጠን ይሰጠናል። 700 ሚሊ ግራም ሶዲየም ያለበት ኩባያ ወደ 1.75 ግራም ጨው ይዟል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ሙሉ የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ደም ግፊት ላለባት እናቴ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጆች የሚወዱት ፈጣን ኑድል በፕሮቲን ይሻላል፤ አንዱ ፓኬት 8 ወይም 10 ግራም ሊኖረው ይችላል፤ ጨዉ ግን ብዙ ጊዜ 4 ግራም ይደርሳል።

ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ነገሩን ስትሰማ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር የፕሮቲን ሾርባ ትልክልን ጀመር። እነዚህ ከሱቁ ሾርባ ጋር የሚያመሳስላቸው ስማቸው ብቻ ነው። ብዙዎቹ ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ያሳነሱ፣ ከጥቂት ምግብ ብዙ ማግኘት ያለባቸው ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ናቸው። አንዱ ፓኬት 15 ግራም ፕሮቲን ይዟል። ምንጩ አጓት ነው፤ አይብ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ ተጣርቶና ደርቆ። የአጓት ፕሮቲን በቀላሉ ይፈጫል፤ ጡንቻ እንዲገነባ የሚቀሰቅሰው ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድም ይበዛበታል። የፈላ ውሃ በቀጥታ ከተደፋበት ግን ይቋጥራል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አሟሙቶ ሙቁን ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ለመዋጥ ለሚቸገር፣ ከአንድ ኩባያ በላይ ለማይገባለት በሽተኛ ይህን ሾርባ የሚስተካከል የለም፤ አቅሙ ላለው ቤተሰብ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።

የአጥንት መረቅ ዱቄት ነው ተብሎ የመጣውን ኮላጅን ግን አልመክርም። ፓኬቱ 10 ግራም ፕሮቲን ይላል፤ ቁጥሩም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ኮላጅን ትሪፕቶፋን የተባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ የለውም። ብቻውን ሲቆጠር ሰውነት ሙሉ ፕሮቲን እንዳገኘ አይወሰድለትም። የአሜሪካ ፓኬቶች ከግራሙ ጎን የቀን ፍላጎትን በመቶኛ ሲያስቀምጡ የፕሮቲኑን ጥራት አብረው ስለሚያሰሉ፣ እንዲህ ባለው ምርት ላይ ግራሙ ትልቅ፣ መቶኛው ግን እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ይገኛል። የገዢው ዓይን መሄድ ያለበት ወደ መቶኛው ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ የአጓቱን ሾርባ መልሳ ሰጠችኝ። «ወተት ነው ልጄ፤ አልነካውም» አለችኝ። የታመመ ሰው እንደሚፈቀድለት የንስሐ አባቷ ነግረዋታል፤ እሷ ግን አልፈለገችም፤ እኔም አልተከራከርኳትም። እህቴ ይህን ሰምታ የጾም የሚሆን ፈልጋ ላከች። ግብዓቱን ሳነብ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ቢጫ አተር ነው። አተሩ ስታርቹና ገለባው ተለይቶ ስለወጣለት ከ100 ግራሙ 80 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ጥሩ ምርት ነው። ያን ቀን ግን የጓዳዬን ሽሮ አውጥቼ መመዘን ጀመርኩ።

ሽሮ ፈጣን የፕሮቲን ሾርባ ነው። ጥራጥሬው አስቀድሞ ታምሶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ ስለሚቀመጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ለመብሰል ብዙ አይፈጅበትም። ከ100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ውስጥ 20 ግራም ገደማ፣ ከአተር 23፣ ከባቄላ 26 ያህሉ ፕሮቲን ነው። በርበሬውና ቅመሙ ድርሻቸውን ሲወስዱ ምጥን ሽሮ ከ18 እስከ 20 ግራም ይኖረዋል። በ50 ግራም ዱቄት ለአንድ ሰው ወፈር አድርገን ብንሠራው 9 ወይም 10 ግራም ፕሮቲን ይሆናል፤ ከሱቁ ሾርባ ብዙ እጥፍ። ጨዉ በእጃችን ነው። በእህቴ አንድ ፓኬት ዋጋ የሚገዛው ሽሮ እናቴን ለቀናት ያበላታል። ጥራጥሬ የሚጎድለውን ሜቲዮኒን ጤፍ ይሰጠዋል፤ ጤፍ የሚያንሰውን ላይሲን ደግሞ ጥራጥሬው ይሞላዋል። እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው ሁለቱን አብሮ ያገኛል።

አውሮፓውያንም ፈጣን ሾርባን የጀመሩት ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ግሩንበርግ የተባለ የበርሊን ምግብ አብሳይ የአተር ዱቄት ከስብና ከቅመም ጋር ጠቅጥቆ በውሃ የሚበጠበጥ ሾርባ ሠራ፤ የፕሩሲያ ጦር በ1870 ከፈረንሳይ ጋር ሲዋጋ ስንቁ አደረገው። በ1880ዎቹ ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዩሊየስ ማጊ ፋብሪካ ውለው ምግብ ለማብሰል ጊዜ የሚያጡ ሴቶችንና ቤተሰባቸውን የሚመግብ የጥራጥሬ ዱቄት ሾርባ ለገበያ አቀረበ። ሐሳቡ የመጣው የሠራተኞቹ አመጋገብ ካሳሰበው ፍሪዶሊን ሹለር ከተባለ ሐኪም ጋር በመምከር ነበር። ዛሬ በየቤታችን ያለው፣ ጨው የሚበዛበት ኩብ የመጣው ከዚያ በኋላ በ1908 ነው። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ትብብር ፋፋ ሲዘጋጅ የተመረጠው መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ ስንዴ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ፕሮቲኑ ያለው ዱቄቱ ውስጥ ነው፤ ውሃ አይጨምረውም። ኑሮ ሲከብድ ሽሮ ይቀጥናል። ለአምስትና ለስድስት ሰው ጥቂት ማንኪያ ዱቄት በድስት ሙሉ ውሃ የሚበተንበት ቤት ብዙ ነው፤ ከተማሪዎቼ መካከል በዚህ ያደጉ ነበሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ 10 ግራም ያህል ቢመዝን ፕሮቲኑ ከ2 ግራም አይበልጥም። በዚህ ልክ የቀጠነ ሽሮ ከሱቁ ሾርባ አይሻልም። እናት ለልጇ ስታወጣ ከወፍራሙ ብታወጣለት፣ ዘይትና በርበሬ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ወደ ዱቄቱ ቢዞር እወዳለሁ፤ ይህን ማለት ግን ዱቄቱን መግዛት ለማይችል ቤት መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚያ የሚያስፈልገው የጥራጥሬ ዋጋ መርከስ ነው። ስለ ምግብ ዋስትና በሚነገርበት መድረክ ሁሉ ስንዴ ይወሳል፤ ሽምብራና ባቄላም እኩል እንዲወሱ እፈልጋለሁ።

ለእናቴ የምሠራው እንዲህ ነው። ሽንኩርቱ በጥቂት ዘይት ጥፍት ብሎ ይበስላል፤ 50 ግራም ነጭ ሽሮ ይገባና ሆዷን እንዳይነፋት ረዘም ላለ ጊዜ ይንተከተካል፤ ከዚያ ለስላሳ ፍትፍት ይሆናል። ከጾም ውጭ እንቁላል ተመትቶ ይጨመርበታል፤ ይህም 6 ግራም ያክልላታል። የእህቴን ሾርባ ለመክሰስ አስቀርቼዋለሁ። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን ይህንንም ሆነ ያንን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ለእሱ የፕሮቲን መብዛት ጉዳት ሊሆን ይችላል።

የተፈጨ ሽሮ ስንገዛ ግን ውስጡ ያለውን አናውቅም። እኔ ከገዛኋቸው የባልትና ፓኬቶች የፕሮቲን መጠን የተጻፈበት አላገኘሁም። አንዳንዱ «ምርጥ ሽሮ» ይልና ከምን እንደተፈጨ እንኳ አይናገርም። ሽምብራ ነው? አተር ነው? እህል ተቀላቅሎበታል? ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ርካሽ የሆነው ጓያ ቢገባበት ነው፤ ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው። ከአሜሪካ የመጣ ፓኬት ያለውን ፕሮቲን በግራም ሲነግረኝ፣ እዚሁ ከጎረቤቴ የተፈጨው ሽሮ ለምን ዝም ይለኛል? የባልትና ፓኬት ሁሉ የጥራጥሬውን ዓይነትና ድርሻ፣ የፕሮቲኑንና የጨውን መጠን እንዲጽፍ መገደድ አለበት።

ባልትና የሚያዘጋጁት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ለላቦራቶሪ የሚከፍሉት የላቸውም ይባል ይሆናል። ለመነሻ ግን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ምግቦች የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ከሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ዘመን ጀምሮ ታትሞ አለ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በስሌት የተገኘ ግምት እንዲጻፍ ይፍቀድ፤ ናሙና እየወሰደ ማረጋገጡ የእሱ ሥራ ይሁን። አዘጋጇ መጠኑን ታውቀዋለች። 4 ኪሎ ሽምብራ 800 ግራም ፕሮቲን፣ 1 ኪሎ አተር 230 ግራም ይሰጣል። ግማሽ ኪሎ በርበሬና ቅመም ሲጨመር ጠቅላላው 5 ኪሎ ተኩል ይሆናል። 1030ን ለ5500 ስናካፍል ቅመሙን ሳንቆጥር እንኳ ከ100 ግራም ወደ 19 ግራም ይመጣል። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። የሰፈሬ ባልትና አዘጋጆች ልካቸውን ይዘው ቢመጡ እኔ ያለ ክፍያ አሰላላቸዋለሁ፤ የሚጨምሩትን ጨው ግን ከዛሬ ጀምሮ በእፍኝ መስፈር ትተው በሚዛን ይመዝኑት።