ከማጉያው በፊት ክፍሉ ይጠና

የስብሰባ አዳራሽ ሲደራጅ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ ነው፤ በእኛ እምነት ግን አስቀድሞ ሊጠና የሚገባው ክፍሉ ራሱ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን፣ ንግግር አልለይ ያለበትን የፎግ ሙዚየም አዳራሽ መመርመር ጀመረ። ድምፅ ከ5 ሰከንድ በላይ ያስተጋባበት ነበር። ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች እያስመጣ ደጋግሞ ለካ፤ የማስተጋባቱ ጊዜ ከክፍሉ ይዘት ጋር እንደሚረዝም፣ ድምፅን የሚውጡ ነገሮች ሲበዙ እንደሚያጥር አረጋገጠ።

እንግዲህ ሲሚንቶና መስታወት ብቻ በሆነ አዳራሽ ማጉያ መጨመር ማስተጋባቱንም አብሮ ማጉላት ነው፤ ወፍራም መጋረጃ ይቅደም። ለ10 ሰዎች ክፍልማ ማጉያ አያሻም፤ ገንዘቡ ከሩቅ ለሚሳተፉት ጥሩ ማይክሮፎን ቢገዛበት ይሻላል። ገዢዎቻችን ዋጋ ከማወዳደራቸው በፊት በባዶው ክፍል መሐል ቆመው አንድ ጊዜ አጨብጭበው ያዳምጡ፤ ይህ ምርመራ ጨረታ አይጠይቅም።