ከኩዊን 20 ደቂቃ በፊት የነበረው ካሜራ

በከተማ ወጣቶች ስልክ ላይ በየጊዜው ተመልሶ የሚመጣ አንድ ቪዲዮ አለ። ነጭ ካናቴራ የለበሰ፣ ሪዙን ያሳደገ ሰው ግማሽ የማይክ ዘንግ ጨብጦ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ይሮጥበታል። ከፊቱ 70 ሺህ ገደማ ሕዝብ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ በአንድ ምት ያጨበጭባል። ሰውየው ፍሬዲ መርኩሪ ነው። ባንዱ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ኩዊን ነው። ቦታው የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም፣ ቀኑ ደግሞ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ል (እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985) ነው። ዝግጅቱ ላይቭ ኤይድ ይባላል።

ስለ ሙዚቃ ሑክም ዛሬ አንጽፍም። እሱን ዑለማዎቻችን ይናገሩበት፤ ጥያቄ ያለው እነሱ ዘንድ ይሂድ። የኛ ነገር ሌላ ነው። ይህን ኮንሰርት ቤታቸው ሆነው ደጋግመው ያዩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉ። "ለምን ተዘጋጀ?" ተብለው ቢጠየቁ ግን አብዛኞቹ "ለአፍሪካ እርዳታ መሰለኝ" ከማለት አያልፉም። ዝግጅቱን የወለደው የኢትዮጵያ ረሃብ ነው። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። የኮረም፣ የመቀሌ፣ የወሎና የትግራይ ሰው ረሃብ ነው። ምናልባት የአያታችሁ ረሃብ ነው።

ስለዚህ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ፊልም የሚያይ የኛ አገር ልጅ ከመድረኩ አይጀምር፤ ከኮረም ይጀምር።

በመጀመሪያ ለፊልሙ የሚገባውን እንስጠው። ኩዊን መድረክ የወጣው አመሻሹ ላይ፣ በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ ነበር። የለንደን የበጋ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ስለዚህ የመብራት ጨዋታ የለም፣ ጭስ የለም፣ ያሸበረቀ መድረክ የለም። ለእያንዳንዱ ባንድ የተሰጠው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሌሎቹ ብዙዎች እንደመጣላቸው ሲጫወቱ ኩዊኖች ቀደም ብለው በሰዓት እየለኩ ተለማምደው መጥተዋል። ብሪያን ሜይ በጊታር፣ ጆን ዲከን በቤዝ፣ ሮጀር ቴይለር በድራም፣ መርኩሪ መጀመሪያ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያ ተነስቶ። አንድም ደቂቃ አልባከነም። መሃል ላይ መርኩሪ ቃል የሌለው ድምፅ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይመልስለታል፤ ከፍ ያደርገዋል፣ ሕዝቡም ከፍ አድርጎ ይመልስለታል። ሥራውን ጠንቅቆ የተዘጋጀ ሰው ምን መሥራት እንደሚችል ለማየት ለሚፈልግ ጥሩ ትምህርት ነው።

ቤት ሆኖ ማየትም የራሱ ጥቅም አለው። ስታዲየሙ ውስጥ ከኋላ የቆመ ሰው መርኩሪን ያየው እንደ ነጥብ ነው። እኛ ግን ላቡን፣ የጣቶቹን እንቅስቃሴ፣ ፒያኖው ላይ የተደረደሩትን የወረቀት ኩባያዎች ሳይቀር እናያለን። ካሜራው በዚያ ቀን ትኬት ገዝቶ የገባ ሰው ያልቆመበት ቦታ ላይ ያቆመናል።

ነገር ግን ቤት የሚያይ ሰው መቁረጥም ይችላል። ላይቭ ኤይድ በለንደንና በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ 16 ሰዓት ያህል የቆየ ዝግጅት ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የሚታየው በአብዛኛው የኩዊን 20 ደቂቃ ነው። ባንዱ ራሱ ያንን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1981 ሞንትሪያል ላይ ካቀረበው ኮንሰርት ጋር አጣምሮ በዲቪዲ አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የመርኩሪ የሕይወት ታሪክ ፊልምም የሚደመደመው ያንኑ መድረክ ዳግም በመሥራት ነው። ቀስ በቀስ ቪዲዮው የአንድ ባንድ ገድል ሆነ። የተራበው ሰው ከታሪኩ ወጣ።

በዚያው መድረክ ከኩዊን ቀጥሎ የወጣው ዴቪድ ቦዊ ነው። ቦዊ ሊያቀርበው ካሰበው ሥራ አንዱን ተወ። በእሱ ሰዓት አንድ አጭር ፊልም እንዲታይ ለቀቀ። ፊልሙን የቀረፀው የካናዳ ቴሌቪዥን ነው፤ የሚያሳየውም በኢትዮጵያ የእርዳታ ጣቢያዎች የሚሞቱ ሕፃናትን ነበር። ያ ሁሉ ሲጨፍር የዋለ ሕዝብ ጸጥ አለ። እዚያ ፊልም ውስጥ ሞቷ የሚጠበቅ አንዲት የትግራይ ሕፃን ነበረች። ተረፈች። ስሟ ብርሃን ወልዱ ይባላል። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለንደን ላይ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይት ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆማ ዓለም አያት። የኩዊንን 20 ደቂቃ አይቶ እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች የዘለለ ሰው፣ የለቅሶ ቤት ደርሶ ንፍሮውን ብቻ ቀምሶ እንደወጣ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። የዝግጅቱ ጠንሳሽ ቦብ ጌልዶፍ የሚባል የአየርላንድ ዘፋኝ ነው። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ እንዲነሳ ያደረገው ምንድን ነው? ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየቱ! ጥቅምት 13 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አሳየ። ዘጋቢው ማይክል በርክ ነው። ማለዳ ላይ፣ በብርድና በአቧራ መሃል፣ ሜዳ ሙሉ ሰው ተኮራምቶ ሲታይ፣ ሬሳ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተደርድሮ ሲታይ፣ ዓለም ደነገጠ። ያን ምስል የተመለከተ ሁሉ በርክን ያስታውሳል። ካሜራውን የያዘውን ሰው ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ሙሐመድ አሚን ይባላል። ኬንያዊ ሙስሊም ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ውስጥ፣ ሥሩ ከሕንድ ክፍለ አህጉር ከሆነ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ፎቶ ማንሳት ጀመረ፣ በ20 ዓመቱ የራሱን የፎቶና የፊልም ድርጅት አቋቋመ። የሐጅን ጉዞ በፎቶ የሚያሳይ መጽሐፍም አሳትሟል። በሰባ ሰባት የደርግ መንግሥት ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዲሄድ አይፈልግም ነበር። አሚን ፈቃዱን እስኪያገኝ ድረስ በር አንኳኳ፣ ደጅ ጠና፣ በመጨረሻም ገባ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ፍሬዲ መርኩሪም የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ዛንዚባር ተወለደ። የልደት ስሙ ፋሩክ ቡልሳራ ነው፤ ወላጆቹም ከሕንድ የመጡ ፓርሲዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቤተሰቡ ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። ያንን አብዮት ቦታው ላይ ሆነው ከቀረፁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ማን ነበር? ወጣቱ ሙሐመድ አሚን። ከሕንድ ምድር ተነስተው ምሥራቅ አፍሪካ ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለዱ፣ በዕድሜ በሦስት ዓመት የሚበላለጡ ሁለት ልጆች። አንዱ በመድረኩ፣ ሌላው በካሜራው ከአንድ ቀን ታሪክ ጋር ተያያዙ። የመድረኩን ሰው ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የካሜራውን ሰው የራሱ ወንድሞች እንኳ አያውቁትም።

የአሚን ታሪክ ከኛ አገር ጋር በሰባ ሰባት አላበቃም። በ1983 ዓ.ል፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ለመቅረጽ ወጣ። ፍንዳታው የሥራ ባልደረባውን ገደለ፣ የእሱን አንድ ክንድ ወሰደ። በሰው ሠራሽ ክንድ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ል ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ። አውሮፕላኑ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። አሚን አንዱ ነበር። አላህ ይዘንለት።

አንዳንዱ "ታዲያ ምን ይጠበስ? ነጮች አዘኑልን፣ ገንዘብ ሰጡ፣ አለቀ" ይል ይሆናል። ገንዘቡ ተሰጥቷል፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እህል ገዝቷል፣ መኪና ገዝቷል፣ ነፍስ አትርፏል። ሰው ላደረገው በጎ ነገር ማመስገን ግዴታችን ነው፤ ውለታ መካድ ለማንም አያምርም። ነገር ግን ማመስገን ማለት ሌላው ስለኛ የነገረንን ሁሉ አሜን ብሎ መቀበል ማለት አይደለም።

መድረኩ ያልነገረን ብዙ ነው። ረሃቡን ያመጣው የዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር። ሰው እየረገፈ ሳለ መንግሥት በመስከረም 1977 አዲስ አበባን አሸብርቆ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት አከበረ። የሞተው ሰው ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። የግምቱ ስፋት ራሱ ይናገራል፤ የሞተውን በቅጡ የቆጠረው የለም ማለት ነው። ኩዊንም ቢሆን የአሚን ፊልም በታየበት በዚያው ኦክቶበር 1984 አፓርታይድ በሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ፣ ሰን ሲቲ ላይ የባህል ማዕቀቡን ጥሶ ተጫውቷል፤ ከባድ ወቀሳም ደርሶበታል። ይህን የምናነሳው ለመወንጀል አይደለም። መድረክ ላይ የምናየው ሰው ሙሉ ሰው መሆኑን፣ ደግም ክፉም ምርጫ እንደሚመርጥ እንድናስታውስ ነው።

የዌምብሌዩን ዝግጅት የዘጋው ደግሞ ለዚሁ ረሃብ ከወራት በፊት የወጣው የገና ዘፈን ነበር። ርዕሱ የተራቡት ሰዎች የገና ሰሞን መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ጠያቂዎቹ ክፋት አልነበራቸውም። ግን የሚዘፍኑለት አገር ክርስቲያን ከእነሱ አገር አስቀድሞ ገናን ሲያከብር እንደኖረ አያውቁም። ኮረም ሜዳ ላይ ከተኙት መካከል ጀናዛው በሰላተል ጀናዛ የሚሸኝ ብዙ ሙስሊም እንዳለም አያውቁም። ሰው ሊረዳህ ይችላል፤ አንተ ማን እንደሆንክ ግን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። የራሱን ታሪክ ያልተናገረ ሕዝብ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሌላው በገባው መጠን ይተርክለታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ፊልሙን አጥፉት አንልም። የምንለው ሙሉውን እዩት ነው። ለማየት ከወሰናችሁ መጀመሪያ የኮረሙን ዘገባ ፈልጋችሁ እዩ። ከዚያ ወደ ዌምብሌይ ሂዱ። ሕዝቡ እጁን ሲያነሳ የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ሰባ ሰባት 40 ዓመት አልፎታል። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ60 በላይ ነው። ያኔ ልጅ አዝላ ከገጠር ወደ ኮረም የተጓዘች እናት ዛሬ፣ በሕይወት ካለች፣ አሮጊት ናት። በየከተማው፣ በየሰፈራችን፣ መስጂድ ውስጥ ከአጠገባችን ሰፍ ይዘው የሚሰግዱ፣ የዚያን ጊዜ የተሰደዱ፣ ልጅ የቀበሩ፣ በሰፈራ ወደ ማያውቁት አገር የተወሰዱ አባቶችና እናቶች አሉ። አብዛኞቹ ሳይናገሩ ኖረዋል። የጠየቃቸው የለም። በየጊዜው አንዳቸው ወደ አኼራ ሲሄዱ፣ ማንም ያልቀረፀው አንድ ምስክርነት አብሯቸው ይቀበራል።

ሙሐመድ አሚን በዚያ ዘመን የነበረው አንድ ካሜራ ነው። እሱንም ይዞ ለመግባት ፈቃድ መለመን ነበረበት። ዛሬ ኩዊንን የምናይበት ስልክ ራሱ ካሜራ ነው። አያታችንን ለመቅረጽ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም፤ የእሳቸው ብቻ ይበቃል። ጌልዶፍ ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን አየና ተነሳ። ከኛ የሚጠበቀው ስታዲየም መሙላት አይደለም። ዱዓቸውን ተቀብሎ፣ ከአጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን አስተካክሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦

"አባባ፣ እማማ፣ በሰባ ሰባት የት ነበራችሁ?"

ከዚያ ሳናቋርጥ እናዳምጥ።