«ከማን ሰማህ?» ማለትን ለልጆቻችን አስተምሩልን
ግልጽ ደብዳቤ ለኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከበደሳ ነው። እዚህ ስልክ የሌለው ቤት እያነሰ ሄዷል፤ ኮምፒውተር ያለው ቤት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ልጆቻችን ኢንተርኔትን የሚያውቁት በአባት ወይም በታላቅ ወንድም ስልክ፣ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ነው። ያዩትን እንዴት እንደሚመዝኑ የሚያሳያቸው ሰው ግን በቤትም በክፍልም እምብዛም አያገኙም። ስለዚህ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚሰጡት መጻሕፍት ውስጥ መረጃን የመመዘን ትምህርት እንዲገባልን እጠይቃለሁ። ኮምፒውተር እስኪመጣም አትጠብቁ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። «ፈተናው እጃችን ገብቷል» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ይፈላሉ። አንድ ተማሪዬ ከእነዚህ አንዱን አሳይቶኝ አብረን ተመለከትነው። የፈተና ወረቀት ሽፋን ፎቶ አለው፤ ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት ቦታ ግን ደብዝዟል። ከሥሩ «አምና ከእኛ የወሰድን ሁሉ አለፍን» የሚሉ ምስክርነቶች ተደርድረዋል፤ መስካሪዎቹ ስምም ትምህርት ቤትም የላቸውም። አስተያየት መስጫው ተዘግቷል። መጨረሻ ላይ የቴሌብር ቁጥርና «መጀመሪያ ክፈል» የሚል ቃል አለ። ልጁ ዓይኑን የጣለው ሽፋኑ ላይ ብቻ ነበር። «ዓመተ ምሕረቱ ለምን የደበዘዘ ይመስልሃል?» ስለው ግን ወዲያው ገባው፤ ብሩንም አልላከም። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ያን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀው ሰው አልነበረም፣ ሌላ አይደለም።

«ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ ውሸት ነው» እያልን ብንመክራቸውስ? አይሆንም። ግንቦት 2008 የእንግሊዝኛ ፈተና በእርግጥም ሾልኮ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ነበር፤ ፈተናው ተሰርዞ ተማሪዎች በሌላ ጊዜ እንዲፈተኑ ተደርጓል። ልጆቹ ይህን ከታላላቆቻቸው ሰምተዋል፤ ምክራችን በዚህ አንድ ታሪክ ይፈርሳል። ደግሞም ሁሉን ጠርጥር የተባለ ልጅ የጤና ባለሙያውንም ይጠረጥራል። በጥቅምት 2011 በአማራ ክልል ሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም ላይ ለምርምር የሄዱ ሁለት ሰዎች ልጆችን በክትባት ስም ይመርዛሉ ተብሎ በተነዛ ወሬ ሕዝብ ተነሥቶባቸው ተገድለዋል። «መርዙን ማን አየ? የታመመው የማን ልጅ ነው?» የሚል ድምፅ በርትቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር። ይህን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር የማስተምራቸው ልጆች ፊት ይመጣብኛል፤ ነገ እንዲህ ያለ ወሬ በደሳ ቢገባ ከመካከላቸው ማን ነው የሚጠይቀው?

ሕጉ አለ። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ቅጣት ግን ከጥፋት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ለሚያሰራጨው እንጂ ለሚያምነው ልጅ የሚያደርግለት ነገር የለም።

«በአንድ ክፍል ይህን ሁሉ ልጅ አጭቀን፣ መብራት እየጠፋ፣ እንዴት ይሆናል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። መልሱ ከኡጋንዳ ይገኛል። እዚያ በ120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ተሠርቶ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ልጆቹ ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ ትምህርቱም ስለ ሕክምና የሚወራውን ወሬ መመዘን ነበር። መሣሪያው በሥዕል የተተረከ የታተመ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ ነው። ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 80 ደቂቃ፤ በአንድ ተርም አለቀ። ልጆቹ ከተማሩት አንዱ «እኔን አድኖኛል» የሚል የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ነው፤ ያ የቴሌግራም ቻናል የሚነግደውም በዚሁ ምስክርነት ነው። በመጨረሻ ሲፈተኑ ከተማሩት ልጆች 69 በመቶው አለፉ፤ ካልተማሩት ያለፉት 27 በመቶ ናቸው። ከዓመት በኋላ እንደገና ሲፈተኑም የተማሩት በልጠው ተገኝተዋል።

ኮምፒውተሩ የተሟላለትን አገር ደግሞ እንይ። በ2019 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት ከ3,000 በላይ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአገራቸው የምርጫ ማጭበርበር ያሳያል የተባለ ቪዲዮ ቀርቦላቸው ነበር። ቪዲዮው የተቀረጸው ሩሲያ ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱ በእጃቸው እያለ ምንጩን ፈልገው ያገኙት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው።

ለእኛ ደግሞ ትምህርቱ ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከሚኤሶ ቆላ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን አፋሮች ዳጉ አላቸው። መንገደኞች ሲገናኙ አረፍ ብለው ዜና ይለዋወጣሉ፤ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ይለያል፣ ከማን እንደሰማም ይናገራል፤ ሐሰት ያወራ በወገኑ ዘንድ ይወቀሳል። በርጫ ላይ የተወራውን ማታ በፌስቡክ ለምናገኘው ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዳጉ ቢጀምር ልጆቹ ነገሩን ከጎረቤቶቻቸው ያውቁታል።

በአንድ ጊዜ ክልሉን ሁሉ አዳርሱ አልልም። በደሳ፣ ገለምሶና ጭሮ ካሉ ትምህርት ቤቶች ጥቂቶቹን ምረጡ፤ መጽሐፉ በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ፤ የጭሮ መምህራን ኮሌጅ ለመምህራኑ ሥልጠና ይስጥ። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉት መረጃ አጣሪዎች ያጋለጧቸው የአገራችን ሐሰተኛ ፎቶዎች ለመልመጃ ይሁኑ። ከዚያ የተማሩትንና ያልተማሩትን ፈትናችሁ ውጤቱን ለሕዝብ ንገሩን። ሙከራው የእኔን ክፍል ቢመርጥ በደስታ እቀበላለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼም ፈቃደኞች ናቸው። የሚቀጥለው መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ምላሽ ስጡን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የበደሳ መምህር