የሚሳይል ዋጋ በዓይኑና በባለሙያው ይለካል

ስለ ዘመናዊ ተዋጊ ጄቶች በየሻይ ቤቱም ሆነ በየጦር ሰፈሩ ሲወራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የሚሳይሉ ርቀትና ፍጥነት ነው። የጦር መሣሪያ አምራች ኩባንያዎችም አጉልተው የሚያሰሙት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ለሚይዘው ወታደርም ሆነ ዋጋውን ከላቡ ለሚከፍለው ሕዝብ ዋነኛው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም፣ የተተኮሰው ሚሳይል ዒላማውን ይመታልን? የተመታውስ ነገር የወጣበትን ገንዘብ ያህል ነውን? የሚለው ነው።

ዋጋው እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ሙቀትን ተከትሎ የሚበረው የአሜሪካው ሳይድዋይንደር፣ በአዲሱ ዓይነቱ፣ አንዱ ብቻ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። በራሱ ራዳር እየተመራ ከሩቅ የሚመታው አምራም የተባለው ሚሳይል ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። የኤፍ-35 ጄት አብራሪ የሚያጠልቀውና የጦር ሜዳውን መረጃ በዓይኑ ፊት የሚደቅንለት የራስ ቁር እንኳ ብቻውን 400 ሺህ ዶላር ገደማ ይፈጃል።

ይህን ያህል ገንዘብ በአብዛኛው የሚከፈለው ለማየት ነው፤ ዓይን የሌለው ሚሳይል ከተወረወረ ድንጋይ አይሻልምና። የተዋጊ ጄት ዋነኛ ዓይኖች ሁለት ናቸው። አንደኛው ራዳር ሲሆን ሞገድ ልኮ ከዒላማው ተመልሶ የመጣውን ይቀበላል። ሞገዱ ሲሄድም ሲመለስም እየተበተነ ስለሚደክም፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የራዳርን የእይታ ርቀት በእጥፍ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ኃይል 16 እጥፍ ነው። ከዚህም ሌላ ራዳሩን የከፈተ አብራሪ በጨለማ ፋኖስ እንዳበራ ዘበኛ ነው፤ እርሱ ሌላውን ሳያይ ሌላው ሊያየው ይችላል። ሁለተኛው ዓይን ሙቀት ጠቋሚው ነው። ይህኛው አንዳች ሞገድ ሳይልክ የሞተሩንና በአየር ፍትጊያ የጋለውን የአውሮፕላን አካል ሙቀት ስለሚያይ ባለቤቱን አያጋልጥም። ነገር ግን ደመና ይጋርደዋል፤ ርቀትንም እንደ ራዳር አጥርቶ አይለካም። አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን ዘመናዊ ጄቶች ሁለቱን አጣምረው መያዛቸው ስለዚህ ነው።

ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን ዓይኑም ብቻውን በቂ አይደለም። በቬትናም ጦርነት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1968 ዓ.ም.፣ በራዳር የሚመራው ስፓሮው የተባለው የአሜሪካ ሚሳይል ከአሥሩ ተኩስ አንዱን እንኳ በቅጡ አይመታም ነበር። ሙቀትና እርጥበት የጎዳቸው፣ በአያያዝ ጉድለት የተበላሹ፣ ከሚገባው ርቀት ውጭ የተተኮሱ እጅግ ብዙ ነበሩ። የባሕር ኃይሉ ጉድለቱን መርምሮ በ1969 ዓ.ም. ለአብራሪዎች የተለየ የአየር ውጊያ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ የምድር ባለሙያውም ጥንቃቄ እንዲሻሻል ተደረገ። ቀድሞ አንድ አውሮፕላን እያጣ ሁለት ገደማ ይጥል የነበረው ኃይል፣ ከዚያ ወዲህ በአንዱ ፋንታ 12 ገደማ ለመጣል በቃ።

ለዚህ እውነት የራሳችንም ሰማይ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም 1958 ዓ.ም. በታይዋን ሰርጥ ላይ ከተተኮሱት ሳይድዋይንደሮች አንዱ ሳይፈነዳ በቻይና ሚግ-17 አካል ተሰክቶ ቀረ። ሶቪየት ኅብረት ያንን ሚሳይል አስመርምራ አምሳያውን ሠራች። በኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ጦር ወደ ኦጋዴን ሲዘልቅ፣ የኢትዮጵያ ኤፍ-5 ጄቶች ሳይድዋይንደርን፣ የሶማሊያ ሚግ-21ዎች ደግሞ ያንኑ አምሳያውን ታጥቀው ተገናኙ። የጦር መሣሪያዎቹ የአንድ እናት ልጆች ያህል ነበሩ፤ በአውሮፕላንም ብዛት ብልጫው የሶማሊያ ነበር። የአየሩ የበላይነት ግን ወደ ኢትዮጵያ አብራሪዎች አጋደለ። ልዩነቱን ያመጣው የሚሳይሉ ዋጋ ሳይሆን የዓመታት ሥልጠና፣ የምድር ባለሙያው ትጋትና የአብራሪው ብስለት ነው።

ዛሬ ደግሞ ሒሳቡን የሚያዛባ አዲስ ነገር መጥቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደጃችን በቀይ ባሕር ላይ የየመን ሁቲዎች የላኳቸውን ሰው አልባ አውሮፕላኖች የአሜሪካ መርከቦችና ጄቶች ውድ በሆኑ ሚሳይሎች ሲጥሉ ታይተዋል። ሻሄድ የተባለው የኢራን ሰው አልባ አውሮፕላን ዋጋው ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር እንደሚደርስ ይገመታል። ይህን በ1 ሚሊዮን ዶላር ሚሳይል መጣል ወፍ ለማባረር በሬ እንደ መሸጥ ነው። ታዲያ አየር ኃይላቸው በኋላ ላይ በኤፍ-16 ጄቶች ላይ በጨረር የሚመሩ፣ ዋጋቸው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ትንንሽ ሮኬቶችን ወደ መጠቀም አዘነበለ። ባለጠጋው አገር እንኳ ወጪውን ለመቁጠር ከተገደደ፣ እያንዳንዱን ዶላር በቡና ሽያጭ ለሚያገኝ አገር ቁጠባው የህልውና ጉዳይ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ርካሽ መሣሪያ ሁልጊዜ ይበቃል ማለትን አይደለም። ሰማይን በባዶ እጅ መጠበቅ አይቻልም። የምንለው፣ መሣሪያ ሲገዛ ከዋጋው ጎን ሦስት ነገሮች አብረው ይቆጠሩ ነው። እነርሱም አደጋውን በጊዜው የሚያሳይ ራዳር፣ መሣሪያውን ከአቧራና ከእርጥበት ጠብቆ የሚያድር ባለሙያ፣ መቼ መተኮስና መቼ መታገሥ እንዳለበት የሚያውቅ አብራሪ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሚሳይሉ በመጋዘን የተቀመጠ የሕዝብ ገንዘብ ሆኖ ይቀራል። የማስጠንቀቂያው ዓይን ሲዘገይማ ነገሩ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ስለዚህ በሌሊት በራዳር መስኮት ፊት ተቀምጦ እንቅልፉን የሚታገለው ወታደር፣ በጠራራ ፀሐይ የሚሳይሉን ሽቦ አንድ በአንድ የሚፈትሸው ቴክኒሻን፣ ሥራቸው በጋዜጣ ፎቶግራፍ ባይወጣም፣ ከውዱ ሚሳይል የማያንስ ዋጋ አላቸው። የከተማው ነዋሪም ልጁን ሒሳብና ፊዚክስ ሲያስተምር የነገውን ሰማይ ጠባቂ እያሳደገ መሆኑን ይወቅ። ሚሳይል በገንዘብ ይገዛል፤ የሠለጠነ ዓይንና የታመነ እጅ ግን በዓመታት ትጋት እንጂ በአንድ ቀን ግዢ አይገኙም።