ዝቅ ያለውን ተሳቢ ከፍ ከማድረግ አስቀድሞ

በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተባለችው ጀልባ በከባድ ተሳቢ ተጭና ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር በየብስ ተጓዘች። ይህ ሥራ ከአማኑኤል፥ ከብቸናና ከሞጣ እህል ለሚያስጭኑ ነጋዴዎችም ትምህርት አለው፤ ጭነት በደኅና የሚደርሰው ተሳቢው ለክብደቱና ለመንገዱ ሲመጠን ነውና።

ተሳቢ ከልኩ በታች ዝቅ ሲል ሆዱ ጉብታ ይነካል፤ ጎማውም ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል። ብዙ ባለንብረት ግን ምክንያቱን ሳይመረምር «ከፍ አድርጉልኝ» ብሎ ለጋራዥ ያስረክባል። ይህ ስሕተት ነው። ዝቅታው ከልክ በላይ ከመጫን የመጣ ከሆነ መድኃኒቱ ጭነቱን መቀነስ ነው። ባሌስትራው ደክሞ እንደ ሆነም መለወጥ ይገባል። ሁለቱም ደኅና ሳሉ ዝቅ ካለ ግን፥ ከአክስሉ ሥር የታሰረው ባሌስትራ ከአክስሉ በላይ ሊታሰር ይችላል። ያን ጊዜም የጋንቾው ቁመት አብሮ ካልተስተካከለ ተሳቢው ወደ ፊት ያዘነብላል።

ደግሞም ከፍ ያለ ጭነት በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፥ ከድልድዩም ወደ ደጀን ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም።

ስለዚህ ነጋዴው ጭነቱን ለማስጫን ሲዋዋል የኪራዩን ርካሽነት ብቻ ሳይሆን የተሳቢውን አቋም ጭምር ሊመለከት ይገባዋል። ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ኪሳራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በገደል የቀረ እህል ዋጋው ቢተካ እንኳ የሹፌሩና የረዳቱ ነፍስ አይተካም።